የማንሺያው ሕግ ዐዋቂ፦ የዶክተር ሐሰን አል-ቱራቢ የሕግና የፖለቲካ ጉዞ

የካርቱምን ፖለቲካ በቅርብ ለተከታተለ ሰው «አል-ማንሺያ» የሚለው ስም ሁለት ትርጉም ነበረው። የመጀመሪያው ሰፈሩ ራሱ ነው። ከጥቁር ዓባይ ምዕራባዊ ዳር፣ ከቡሪ ቀጥሎ ወደ ጀሪፍ በሚወስደው አቅጣጫ የተዘረጋ፣ ዘግይቶም ወንዙን የሚያሻግር ድልድይ የተሠራለት የካርቱም ሰፈር ነው። ሁለተኛው ትርጉም የአንድ ሰው መጠሪያ ያህል ነበር። ከ1999 ማብቂያ ጀምሮ የሱዳን ጋዜጦች «ቤተ መንግሥቱና ማንሺያ» ብለው ሲጽፉ፣ አንባቢ ስለ ማን እንደሚወራ ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ፕሬዝዳንት ዑመር ሐሰን አል-በሺር ናቸው፤ ማንሺያ ደግሞ መኖሪያቸው በዚያ የነበረው የሕግ ሊቁ ዶክተር ሐሰን አል-ቱራቢ።

ከአገራችን ተራሮች የሚነሣው ውኃ ማንሺያን አልፎ ነው ቤተ መንግሥቱ ደጅ የሚደርሰው። ለዐሥር ዓመታት ያህል የሱዳን ሕግም በዚሁ መንገድ ይወርድ ነበር ማለት ይቻላል፤ በማንሺያ ይታሰባል፣ በቤተ መንግሥት ይታወጃል። በካርቱም የኖርን ኢትዮጵያውያን ያን ሕግ ያወቅነው ከመጻሕፍት አይደለም። በገበያ፣ በመንገድ ዳር የሻይ ምድጃ፣ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት ወረፋ ነው።

ስለ ቱራቢ ሃይማኖታዊ አስተሳሰብ ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ብዙም ባልተነሣው ገጽታቸው ላይ ነው፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ሚኒስትር፣ አፈ ጉባኤና የሕገ መንግሥት አርቃቂ በሆኑት በሕግ ባለሙያው ላይ። አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው አንድ ነገር አለ። የዶክትሬት ጥናታቸውን ያካሄዱት መንግሥት በችግር ጊዜ ስለሚይዘው ልዩ ሥልጣን ነበር። ከሥልጣን የወረዱትም በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ፣ ሕግን ለሌላው ብቻ የሚያወጣ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያስተምራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃዲው ልጅ

ቱራቢ የተወለዱት በ1932 በከሰላ ነው። ከሰላ ለእኛ እንግዳ ከተማ አይደለችም፤ በኤርትራ ድንበር አጠገብ የምትገኝ፣ ብዙ ስደተኛ የመጀመሪያውን የሱዳን ሌሊት ያሳለፈባት ከተማ ናት። የቤተሰቡ ምንጭ ግን በገዚራ ምድር የሚገኘው ወድ አል-ቱራቢ የተባለው መንደር ሲሆን፣ ከቀደምት አባቶቻቸው አንዱ ስመ ጥር የሱፊ ሼኽ ነበሩ። አባታቸው የሸሪዓ ዳኛ ማለትም ቃዲ ነበሩ፤ ልጃቸውን ቁርኣንና የዐረብኛ ሰዋስው ያስተማሩትም ራሳቸው ናቸው።

በእንግሊዞች ዘመን በሱዳን ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት ነበር። የወንጀሉና የንግዱ ጉዳይ የሚታየው የእንግሊዝን ልማድ በተከተለው ሕግ ነው። ቃዲው የሚዳኘው ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን ብቻ ነበር። የቃዲው ልጅ የአባቱ ሕግ በገዛ አገሩ በጓዳ መቀመጡን እያየ እንዳደገ መገመት አያዳግትም። እኛም ብንሆን ለዚህ ዓይነቱ ስሜት ባዕዳን አይደለንም። በኢትዮጵያ ለዘመናት የተከበረው ፍትሐ ነገሥት ቦታውን በ1957 ለወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1960 ለታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በለቀቀ ጊዜ፣ የሕጎቹ ዋና አርቃቂዎች ከስዊዘርላንድና ከፈረንሳይ የመጡ ሊቃውንት ነበሩ። ልዩነቱ፣ በኢትዮጵያ ይህን የፈቀደው የአገሩ ንጉሥ መሆኑ ነው፤ በሱዳን ግን የጫነው የውጭ ገዢ ነበር። ቱራቢ ሕይወታቸውን በሙሉ የተናገሩለት «የራሳችን ሕግ» የሚለው ጥያቄ መነሻው ይህ ነው።

ወጣቱ ሐሰን ከወድ መደኒ ማዶ በሚገኘው በሐንቱብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በዚያ ትምህርት ቤት ካለፉት መካከል በኋላ አሳሪያቸውና ሿሚያቸው የሆኑት ጃዕፈር ኒሜይሪ፣ እንዲሁም የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ሙሐመድ ኢብራሂም ኑጉድ ይገኙበታል። የሱዳን የግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብ በአንድ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተፀንሶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቱራቢ በ1955 በካርቱም የሕግ ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ በዩኒቨርሲቲው ሳሉም ወደ እስላማዊው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ገቡ። በ1957 በለንደን ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1964 ደግሞ በፓሪስ ዶክትሬታቸውን አገኙ።

የፓሪሱ ጥናት የእንግሊዞችንና የፈረንሳዮችን ሕግ በማነጻጸር፣ መንግሥት በችግር ጊዜ የሚይዘውን ልዩ ሥልጣን የሚመረምር ነበር። ጥናቱ ወቅታዊ ነበር። ቱራቢ በፓሪስ በነበሩበት በ1961 በአልጄርስ የነበሩ ጄኔራሎች ሲያምፁ፣ ፕሬዝዳንት ደ ጎል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 መሠረት ልዩ ሥልጣን ይዘው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ቆይተዋል። ተማሪው የመጽሐፉን ጥያቄ በዐይኑ አየው፦ አገር ስትታመም ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሥልጣን ወሰኑ የት ነው? ማንስ ይመልሰዋል?

ከመድረክ ወደ ምክር ቤት

ቱራቢ ወደ ካርቱም ሲመለሱ አገሪቱ በጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች። በደቡብ የሚካሄደው ጦርነት እየከፋ ሄዶ ነበር። በ1964 የመከር ወራት በዩኒቨርሲቲው ስለ ደቡብ ጉዳይ በተካሄደ ውይይት፣ አዲሱ የሕግ መምህር ተነሥተው የደቡብ ችግር የሚፈታው የሰሜኑም ሕዝብ ነፃነቱን ሲያገኝ እንደሆነ፣ ለዚህም ወታደራዊው አገዛዝ መውረድ እንዳለበት ተናገሩ። ንግግሩ ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። ጥቅምት 21 ቀን ፖሊስ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተኩስ ከፍቶ አሕመድ አል-ቁረሺ የተባለ ተማሪ ሲገደል፣ ሐዘኑ ወደ ሕዝባዊ አመፅ ተለወጠ። አቡድም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሱዳን ታሪክ «የጥቅምት አብዮት» የሚባለው ይህ ነው።

ቱራቢ የዩኒቨርሲቲውን ሥራ ትተው የእስላማዊ ቻርተር ግንባር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1965 ለተማሩ ሰዎች በተመደበው የምርጫ ክልል ከፍተኛውን ድምፅ አግኝተው ምክር ቤት ገቡ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የአንድ የነፃነት ተሟጋች ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው በ1965 መጨረሻ ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የኮሚኒስት ፓርቲውን አገደ፤ የተመረጡ አባላቱንም ከመቀመጫቸው አስወጣ። ከእገዳው ዋነኛ ገፋፊዎች አንዱ የቱራቢ ድርጅት ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በታኅሣሥ 1966 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ወሰነ። መንግሥቱ ግን ውሳኔውን አልቀበልም አለ። ቱራቢ በዚህ ክርክር ብዕራቸውን ያነሡት ለምክር ቤቱ ነበር፤ ሕገ መንግሥት የሚሠራው የሕዝቡ ተወካይ ስለሆነ ዳኛ ሊሽረው አይችልም የሚል ነበር የሙግታቸው ፍሬ ነገር። የዳኞች አለቃ የነበሩት ባቢከር ዐወደላህ በ1967 ሥራቸውን በተቃውሞ ለቀቁ።

የነገሩ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። ግንቦት 25 ቀን 1969 ኮሎኔል ኒሜይሪ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የወጡት እነዚሁ ባቢከር ዐወደላህ ነበሩ። ኮሚኒስቶቹም በመጀመሪያው ዘመን ከአዲሶቹ ገዢዎች ጎን ቆሙ። ቱራቢ ወደ እስር ቤት ወረዱ፤ ስድስት ዓመት ያህልም ታሰሩ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ያገራችን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰባቸው። ብዙኃኑ ድምፅ የእርስዎ በሆነ ጊዜ የዳኛን ውሳኔ ከረገጡ፣ ጠመንጃው የሌላው በሆነ ጊዜ የሚጠልልዎት ዳኛ አይኖርም።

ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ

በ1977 ኒሜይሪ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር እርቅ ባወረዱ ጊዜ ቱራቢ ታርቀው መንግሥቱን ተጠጉ። በ1979 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተሾሙ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ የመንግሥቱን ዕድሜ ተጠቅሞ ድርጅታቸውን በዩኒቨርሲቲ፣ በባንክ፣ በፍርድ ቤትና በሠራዊት ውስጥ ማጠናከር። ብዙ የሱዳን ታሪክ ጸሐፊዎች ለ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት ዘሩ የተዘራው በእነዚህ ጸጥተኛ ዓመታት እንደሆነ ይስማማሉ።

በመስከረም 1983 ኒሜይሪ የሸሪዓ ቅጣቶችን በድንገት አወጁ። «የመስከረም ሕጎች» የሚባሉትን በቤተ መንግሥት ያረቀቁት ጥቂት ወጣት የሕግ ሰዎች ናቸው እንጂ ቱራቢ አልነበሩም። ነገር ግን ድርጅታቸው ሕጎቹን በሰልፍ ደገፈ፤ እርሳቸውም በፕሬዝዳንቱ አማካሪነት ቀጠሉ። በሚያዝያ 1984 ኒሜይሪ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጀው ፈጣን ቅጣት የሚሰጡ ልዩ ፍርድ ቤቶችን ሲያቋቁሙ፣ ስለ ልዩ ሥልጣን በፓሪስ የተመራመሩት ዶክተር ከቤተ መንግሥቱ አልወጡም። ጥር 18 ቀን 1985 የሰባ ስድስት ዓመቱ የሃይማኖት አሳቢ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ሕጎቹን በጽሑፍ በመቃወማቸው በከሃዲነት ተፈርዶባቸው በኮበር እስር ቤት ተሰቀሉ። ከኒሜይሪ መውደቅ በኋላ፣ በ1986፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሽሮታል፤ ለሟቹ ግን የዘገየ ፍትሕ ነበር።

ከስቅላቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ኒሜይሪ ፊታቸውን ወደ ቱራቢና ወደ ባልደረቦቻቸው አዙረው አሰሯቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1985 ኒሜይሪ ራሳቸው ወደቁ። ቱራቢ ከመውደቁ በፊት በመታሰራቸው ብቻ፣ ከወደቀው መንግሥት ጋር ሳይቆጠሩ በአዲስ ስም፣ በብሔራዊ እስላማዊ ግንባር፣ ወደ አደባባይ ወጡ።

የቆቃና የአዲስ አበባ ወረቀቶች

በ1986 ምርጫ ግንባሩ 51 መቀመጫ አግኝቶ ሦስተኛው ኃይል ሆነ። ቱራቢ ግን በካርቱሙ የሰሐፋ ሰፈር ተወዳድረው ወደቁ፤ ሌሎቹ ፓርቲዎች ተባብረው በአንድ ተፎካካሪ ስለገጠሟቸው። ሆኖም በ1988 በሚስታቸው ወንድም በሳዲቅ አል-ማሕዲ መንግሥት የፍትሕ ሚኒስትርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በዚያው ዓመት የመስከረም ሕጎችን የሚተካ፣ የሸሪዓ ቅጣቶችን ግን የሚያጸና የወንጀል ሕግ ረቂቅ ለምክር ቤት አቀረቡ። በ1989 መጀመሪያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ያዙ።

በዚህ ወቅት የሱዳን የሕግ ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ተሻግሮ ነበር። በመጋቢት 1986 በቆቃ ግድብ የተሰበሰቡ የሱዳን ፓርቲዎችና የጆን ጋራንግ ንቅናቄ፣ የመስከረም ሕጎች እንዲሻሩ የሚጠይቅ መግለጫ ፈርመው ነበር፤ የቱራቢ ወገን አልተገኘበትም። በኅዳር 1988 ደግሞ ሙሐመድ ዑስማን አል-ሚርጋኒና ጋራንግ በአዲስ አበባ ተገናኝተው፣ ሕጎቹ ለጊዜው እንዲታገዱና ሕገ መንግሥታዊ ጉባኤ እንዲጠራ ተስማሙ። ግንባሩ ይህንንም ተቃወመ። በ1989 የካርቱም መንግሥት የአዲስ አበባውን ስምምነት ተቀብሎ፣ ሕጎቹን በማገድ ወደ ሰላም ሊሄድ ተቃረበ።

ሰኔ 30 ቀን 1989 ሌሊት ታንኮች ወጡ። ብርጋዴር ዑመር አል-በሺር ምክር ቤቱን በትነው፣ ሕገ መንግሥቱን አግደው፣ ፓርቲዎችን ዘጉ። ቱራቢም ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ታሰሩ። እስሩ ግን የስምምነት እስር ነበር። ከዓመታት በኋላ ራሳቸው እንደ መሰከሩት፣ ለበሺር «አንተ ፕሬዝዳንት ሆነህ ወደ ቤተ መንግሥት ሂድ፣ እኔ እስረኛ ሆኜ ወደ እስር ቤት እሄዳለሁ» ብለዋቸው ነበር። በ1964 ወታደር ከመንበሩ ይውረድ ብለው የተነሡት የሕግ መምህር፣ በሃያ አምስት ዓመታቸው ወታደርን ወደ መንበሩ ላኩ።

ሕጉ ወደ ደጃችን ሲደርስ

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የማንሺያ ከፍተኛ ዘመን ነበሩ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በ1988ቱ ረቂቅ ላይ የተመሠረተ ነው። የደቡብ ክፍለ ሀገሮች ከሸሪዓ ቅጣቶቹ ነፃ ሆኑ። በካርቱም የሚኖር የደቡብ ሰውም ሆነ ክርስቲያን ስደተኛ ግን ለመጠጥ ከተደነገገው የአርባ ግርፋት ቅጣት ሁልጊዜ አላመለጠም፤ መጠጥ ሲሸጥ የተገኘ በሌላ አንቀጽ ይከሰስ ነበርና። ሌላው አንቀጽ «ከጨዋነት የወጣ አለባበስ» ይል ነበር፤ ጨዋነት ምን እንደሆነ የሚወስነው መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ ነው። በ1996 የካርቱም ክፍለ ሀገር የራሱን የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ጨመረበት።

በዲምና በጀሪፍ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አይጠቅስም። ሱዳኖች «ሲት አል-ሻይ» የሚሏት፣ በመንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡናና ሻይ የምትሸጥ እህታችን፣ «ከሻ» የምንለው አፈሳ በመጣ ቁጥር ጀበናዋንና ፍሟን ትታ ሮጣለች። የተያዘችው ዕቃዋን አጥታ፣ ተቀጥታ ተመልሳለች። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች እርሷን አስበው አልነበረም ይሆናል። ነገር ግን ሰፊና ልል ቃል የተጻፈበት ሕግ የሚያርፈው ሁልጊዜ ጠያቂ ዘመድ በሌለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለፍትሐዊነት ሲባል መጠቀስ ያለበት ነገር አለ። ቱራቢ በሴቶች ጉዳይ ከእስላማዊ መሪዎች ብዙዎቹ የማይደፍሩትን ተናግረዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሴት በትምህርት፣ በምርጫና በአደባባይ ሥራ እኩል ልትሳተፍ እንደሚገባት፣ የሚከለክላት ባህል እንጂ ሃይማኖት እንዳልሆነ ጽፈዋል። በ2006 ሙስሊም ሴት ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊ ልታገባ እንደምትችል፣ ምስክርነቷም ከወንድ እኩል እንደሆነ በመናገራቸው ከሃይማኖት ሊቃውንት ውግዘት ደርሶባቸዋል። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው በሐሳቡ ብቻ መገደል እንደሌለበትም ያምኑ ነበር። ሆኖም በ1991ዱ ሕግ ሃይማኖትን መለወጥ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ ሠፍሯል። በመጽሐፍ የጻፉትና በሕግ ያጸደቁት አንድ አልነበረም፤ ድሀው የሚዳኘው ደግሞ በመጽሐፋቸው ሳይሆን በሕጋቸው ነው።

በክፍለ ሀገሮች አደረጃጀትም አሻራቸው አለ። መንግሥቱ በ1991 አገሪቱን በዘጠኝ፣ በ1994 ደግሞ በ26 ክፍለ ሀገሮች ከፈለ። በእነዚሁ ዓመታት ኢትዮጵያም ወደ ፌዴራል ሥርዓት ትሸጋገር ነበር። በሱዳን ግን ዋሊ የሚባለው የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከማእከሉ ነበር። ይህ ጉዳይ በኋላ ለቱራቢ መውደቅ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆኗል።

በ1991 ቱራቢ ከብዙ አገሮች የመጡ እስላማዊና የዐረብ ድርጅቶችን በካርቱም ሰብስበው ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ኦሳማ ቢን ላደን እስከ 1996 በከተማው የኖሩት በዚህ ዘመን ነው። የዚያ ፖሊሲ ዳፋ አዲስ አበባ ደረሰ። ሰኔ 26 ቀን 1995 ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የመጡት የግብፅ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ በቦሌ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። እርሳቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመልሰው ዳኑ፤ ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን ሕይወታቸውን አጡ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያመለጡትን ተጠርጣሪዎች ሱዳን እንድታስረክብ ጠየቀ፤ በጋምቤላ የነበረውን የሱዳን ቆንስላ ዘጋ። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1044 ጥያቄውን ደገፈ፤ በውሳኔ 1054 ደግሞ በሱዳን ላይ ዲፕሎማሲያዊ ማዕቀብ ጣለ። ቱራቢ ከሞቱ በኋላ በአል-ጀዚራ በተላለፈ ቃለ ምልልስ፣ ሤራውን የጠነሰሱት የመንግሥቱ ሰዎች እንደነበሩና እርሳቸው አስቀድሞ እንዳላወቁ ተናግረዋል። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ያ ምስክርነት በ1995 ከአዲስ አበባ ለቀረበው ጥያቄ መልስ መሆን ይችል ነበር። ሕግ ዐዋቂው ግን እውነቱን የተናገሩት ማንም ሊጠይቃቸው በማይችልበት ጊዜ እንዲሰማ አድርገው ነው።

ሕገ መንግሥቱና ዐዋጁ

በ1996 ቱራቢ የብሔራዊ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኑ። የ1998 ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂ እርሳቸው እንደነበሩ በሰፊው ይታመናል። ሕገ መንግሥቱ ለፓርቲዎች በተወሰነ መንገድ እንዲደራጁ በር ከፈተ፤ የሰብአዊ መብቶችን ዘረዘረ፤ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም አቋቋመ። የመብት አንቀጾቹን ያነበበ ሰው የ1964ቱን መምህር ድምፅ ይሰማባቸዋል። ነገር ግን የፕሬዝዳንቱ ሥልጣን ሰፊ እንደሆነ ቀረ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የማወጅ መብቱም ጭምር። ረቂቁ ሲጻፍ ፕሬዝዳንቱ የማንሺያ ሰው ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበርና።

በ1998 መጨረሻ በገዢው ፓርቲ ውስጥ ዐሥር ሰዎች የቱራቢን ሥልጣን የሚገድብ ማስታወሻ አቀረቡ። ቱራቢ የመለሱት በሕግ ነበር። በ1999 የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪዎች በሕዝብ በቀጥታ እንዲመረጡ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን እንዲኖር፣ ምክር ቤቱም ፕሬዝዳንቱን ሊያወርድ እንዲችል የሚያደርግ ማሻሻያ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ሐሳቡ በራሱ ሲታይ መልካም ነበር፤ ሱዳን እስከ ዛሬ የምትሻው ነው። የዘገየው ግን ዐሥር ዓመት ነው። በ1989 ሊነገር የሚገባው በ1999 ተነገረ፤ የተነገረውም ለሕዝቡ ሲባል ነው ወይስ ለአፈ ጉባኤው፣ ሕዝቡ ሊለየው አልቻለም።

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1999፣ በረመዳን ወር፣ በሺር በወታደር ልብሳቸው ወጥተው የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ፤ ምክር ቤቱንም በተኑ። የቱራቢ ወገን ወደ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሄደ። በዚያው ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ፍርድ ቤት በ2000 ለፕሬዝዳንቱ ፈረደ። የሦስት ወሩ ዐዋጅ እየታደሰ እስከ 2005 ዘለቀ። አንባቢ የ1966ቱን ፍርድ ያስታውሷል። ያን ጊዜ ዳኛው እውነቱን ሲፈርድ ቱራቢ የምክር ቤቱ ውሳኔ ይበልጣል አሉ። በ2000 የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ራሳቸው የዳኛ ያለህ ሲሉ ዳኛው ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሆኖ ተገኘ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ቱራቢ ሕዝባዊ ኮንግረስ የተባለ ፓርቲ መሠረቱ። በየካቲት 2001 ከጋራንግ ንቅናቄ ጋር በጄኔቫ የመግባቢያ ሰነድ በመፈራረሙ ታሰሩ። እስከ 2003 መጨረሻ ቆዩ፤ በ2004 እንደገና ገብተው በ2005 ወጡ። በ2009 መጀመሪያ በሺር በዳርፉር ጉዳይ ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እጃቸውን ይስጡ ብለው በአደባባይ በመናገራቸው ዳግመኛ ታሰሩ። በእርጅናቸው እንዲህ ያለውን ቃል መናገር ድፍረት እንደነበር ጠላቶቻቸውም አልካዱም። ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን በሺር በ2014 የጠሩትን ብሔራዊ ውይይት ተቀብለው ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተቀራረቡ። መጋቢት 5 ቀን 2016 በሰማንያ አራት ዓመታቸው በካርቱም ዐረፉ፤ በቡሪ መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

የቁናው ነገር በዚያ አላበቃም። የካቲት 22 ቀን 2019 ሕዝባዊ አመፅ ያስጨነቃቸው በሺር የአንድ ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጀው፣ የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪዎቹን አንሥተው በቦታቸው የጦር መኮንኖች ሾሙ። ሰባት ሳምንት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ የገዛ ሠራዊታቸው አወረዳቸው። የሽግግሩ መንግሥት በኅዳር 2019 የሕዝብ ሥርዓት ሕጉን ሻረ፤ በ2020 ሃይማኖት መለወጥን በሞት የሚቀጣውን አንቀጽ አነሣ። ለእነዚያ የሻይ ሴቶች መልካም ዜና ነበር፤ ዕድሜው ግን አጠረ። በጥቅምት 2021 ወታደሮቹ የሽግግሩን መንግሥት በተኑ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ደግሞ ሁለቱ የታጠቁ ኃይሎች በካርቱም መሐል ተታኮሱ። ከዚያ በኋላ ማንሺያም፣ ቡሪም፣ ጀሪፍም፣ ቤተ መንግሥቱም አንድ ዕጣ ደረሳቸው። ከእኛም ብዙዎቹ ጀበናቸውን እንኳ ሳይዙ ወደ መተማ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ፖርት ሱዳን ተበተኑ።

ቱራቢ ዕውቀት አልጎደላቸውም። በትውልዳቸው ስለ ልዩ ሥልጣን ከእርሳቸው የበለጠ ያጠና ሱዳናዊ ማግኘት ያስቸግር ነበር። በ1966 ዳኛን የማክበር፣ በ1984 ከቤተ መንግሥት የመውጣት፣ በ1989 ታንኩን የማስቆም፣ በ1998 ዐዋጁን የሚገታ አንቀጽ የመጻፍ ዕድል ነበራቸው። በአራቱም ጊዜ ሕጉ የተመዘነው ዛሬ ለማን ይጠቅማል በሚል ነው፤ ነገ እኔ ተከሳሽ ብሆንስ የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። ስደተኛ ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሳይማር ነው። በሰው አገር ሕግ ሥር የሚኖር ሰው፣ ስለ ሕጉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ተከሳሹን እንዴት እንደሚይዝ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በአገሩም ጉዳይ ድምፅ ሲኖረው፣ ይህችን ጥያቄ ይዞ ቢመለስ በካርቱም የከፈለው ግብር ሁሉ ከንቱ አይሆንም።